ከታችኛው ግብ ጀርባ

ኳስ ማሻማትን በተመለከተ በቦንጋ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬም ያለ አይመስለኝም። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጥኩ አናጺ ነኝ። የጣሪያ ማዘንበያ እንዴት እንደሚለካ ማንም አላስተማረኝም፤ ከመስመር የተነሳ ኳስ የት መውረድ እንዳለበትም ማንም አላስተማረኝም። ሁለቱንም በራሴ ጭንቅላት ነው የደረስኩባቸው። የከተማው ግማሽ ጣሪያ የእጄ ሥራ ነው፤ አንዱም አያፈስም። የቦንጋን ዝናብ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ የከተማውን ቡድን ማሠልጠን ጀመርኩ። ደሞዝ አልነበረውም፤ አልጠየቅሁምም። መምህሬ ሬዲዮ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ መጋዜን አስቀምጬ ጨዋታ አዳምጣለሁ፤ ተናጋሪው «ከቀኝ መስመር አሻማ!» ባለ ቁጥር ጣውላ ላይ በእርሳስ እስለዋለሁ፤ ከየት ተነሳ፣ የት ወረደ፣ ማን ደረሰበት። ሌላው በዓይኑ አይቶ የማይገባው ነገር እኔ በጆሮዬ ሰምቼ ይገባኝ ነበር። ከእነዚያ ጣውላዎች ብዙዎቹ በኋላ በር ሆነው ተሸጠዋል። በቦንጋ በራቸው ላይ ከቀለሙ ሥር የማዕዘን ምት የተሳለባቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ አያውቁትም።

አሁን የምጽፈው ግን ስለ በሮቹ አይደለም። ቡድኔ ሊጠፋ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀረው ስለነበረው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እንቅልፍም ምግብም አልነበረኝም፤ ያን ያህል የጨነቀኝ ቀን በሕይወቴ አላስታውስም።

ሜዳችን ከከተማው በታች፣ ጫካው የሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ ነበር። የላይኛው ግብ አካባቢ ውሃ ስለሚያቁር ልምምድ የምንሠራው ሁልጊዜ በታችኛው ግብ ነው። ከታችኛው ግብ ጀርባ ሃያ እርምጃ ሳይሞላ ገደል አለ፤ ገደሉ ከግቡ ጀርባ ተነስቶ በግራው ማዕዘን በኩል ይጠመዘዛል። ከቀኝ መስመር የተሻማ ኳስ ሁለተኛውን የግብ ቋሚ ካለፈ የሚያስቆመው የለም። ቁልቁለቱ ይቀበልና ለገደሉ ያስረክበዋል።

ኳሳችን ደግሞ አንድ ነበር። የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ የቆዳ ኳስ በፊርማ ይሰጠኛል፤ ዓመቱ ሲያልቅ መልሼ ማሳየት አለብኝ። በጀመርኩበት ዓመት ሁለት ኳስ ገደል ገብቶ ጠፋብኝ፤ ንብረት ክፍል ቆሜ እንደ ሌባ ተጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ኳስ ገደል የከተተ ራሱ ወርዶ ያመጣል። ማንም አያግዘውም። ሌሎቹ አፋፉ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ቁልቁለቱ ሳማ ነው፣ እሾህ ነው፣ ጉንዳን ነው፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሰው ወርዶ እስኪወጣ ይመሻል።

ደንቡ ሠራ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ኳስ አልጠፋብኝም። በየዓመቱ መጨረሻ ንብረት ክፍል ገብቼ ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና «ይኸው» እላለሁ። ያረጀ፣ የተላጠ፣ ግን ያው ኳስ። ከወረዳ የመጡ አሠልጣኞች ባሉበት ስብሰባ ሁሉ ይህን ሳልናገር አልቀመጥም ነበር። እነሱ በዓመት ሦስት አራት ያጠፋሉ።

ነገሩ የተበላሸው በዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ባጃጅ ገና ቦንጋ ሳይገባ ነው። በዚያ ዓመት የወረዳዎች ውድድር ተጀምሮ ቡድናችን ግብ ማግባት አቃተው። የሜዳዎቹ መሀል ጭቃ ስለሆነ የምናጠቃው በመስመር ነበር። በግራ በኩል የሚጫወተውም ቀኝ እግረኛ ስለሆነ ኳስ ሁሉ የሚሄደው ወደ ቀኝ ነው።

የቀኝ መስመር ተጫዋቻችን ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ነበር። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሙስሊሞች ናቸው። እንደሱ የሚሮጥ ሰው በከፋ ምድር አልነበረም። ሁለት ተከላካይ አልፎ መስመሩ ጫፍ ይደርሳል፣ ቀና ይላል፣ ያሻማል። ኳሱ ከዚያ የመጀመሪያው ቋሚ ጋ፣ የመጀመሪያው ተከላካይ ጉልበት ላይ ይወርዳል። ሁልጊዜ። ተከላካዩ ባይኖር እንኳ ጉልበቱ በነበረበት ቦታ ላይ ነው የሚወርደው።

ኳሱን የሚጠብቀው ረጅሙ አጥቂያችን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የሚመጣ፣ ትልልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል የአገሩ ሰው። በግንባሩ ሲገጭ ድንጋይ የወደቀ ይመስላል። አፍ የፈታው በከፍኛ ነው፤ በአማርኛው «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ እኔንም የስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊም «አንተ» ነበር የሚለው።

ኃላፊው ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ባለዲግሪ ወጣት ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋ ሰው መጥፎ ወሬ ሲያመጣ ግን የባሰ ያማል። አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጣና እንጨት ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ፣» አለኝ፣ «ቡድኑ ውጤት የለውም። ዘንድሮ ካላለፋችሁ ይታጠፋል፤ ተወስኗል።»

«ብርድ ልብስ ነው እንዴ የሚታጠፈው?»

«እኔ አይደለሁም የወሰንኩት።»

«ማነው የወሰነው?»

«ኮሚቴው።»

ኮሚቴ ቢመቱት የማያመው፣ ቢለምኑት የማይሰማ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግ እንዳረደ ሰው እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ። ልጆቼ አድገው ወጥተዋል። አናጺነቱን ብረት በር የሚሠሩት እየወሰዱብኝ ነው። የቀረኝ ያ ቡድን ነበር።

ስለዚህ ማሻማቱን ለማስተካከል ተነሳሁ። ከቀኝ መስመሩ ጫፍ እስከ ሁለተኛው ቋሚ ሲባጎ ወጠርኩ፤ ኳሱ ከሲባጎው በላይ እንዲሄድ። ቀርከሃ አጉብጬ ትልቅ ቀለበት ሠራሁና በሁለት እንጨት አቆምኩ፤ በቀለበቱ ውስጥ እንዲያልፍ። በሁለተኛው ቋሚ አጠገብ የቡና ገለባ የሞላሁት ጆንያ በሰው ቁመት ሰቀልኩ፤ ጆንያውን እንዲመታ። እንዲህ ያለ ልምምድ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ ዛሬም ቢሆን ዋጋ አለው እላለሁ።

ጨርቅ ሻጩ አሥር ጊዜ ያሻማል። ዘጠኙ ጆንያው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። አሥረኛው ጆንያውን ታክኮ ሊያልፍ ሲል እሱ ራሱ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ይጭናል፤ ኳሱ ቋሚውን መትቶ ሲመለስ ያን ጊዜ ይተነፍሳል። ይህን በዓይኔ አየሁ። አየሁና ምን እንዳየሁ አላወቅሁም።

እግሩ ደካማ ነው ብዬ ወሰንኩ። ጠዋት ጠዋት ሱቄ እየመጣ ጣውላ ተሸክሞ ዳገት እንዲወጣ አደረግሁ። እናቱ «ልጄን አህያ አደረግኸው» ብላ ገበያ መሀል ሰደበችኝ። ሁለት ሳምንት ተሸከመ። እግሩ ጠነከረ፤ ኳሱ እዚያው ጉልበት ላይ ወረደ።

ከዚያ ለጨዋታ ቢታ ገነት ሄድን። የቢታ ገነት ሜዳ ለጥ ያለ ነው፣ ገደል የለውም፣ ከግቡ ጀርባ ሣር ብቻ ነው። በሰፊ ሜዳ እግሩ ይፈታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጨርቅ ሻጩ እንደ ንፋስ አለፋቸው፣ ጫፍ ደረሰ፣ ቀና አለ፣ አሻማ፤ የመጀመሪያው ተከላካይ ጉልበት። እንደገና። እንደገና። ተመልካቹ መሳቅ ጀመረ፤ «ኳሱን ለሱ ነው የገዛችሁለት?» ይላል አንዱ ተከላካዩን እያሳየ። አንድ ለባዶ ተሸነፍን።

ስንመለስ የተሳፈርነው አይሱዙ ጭነት መኪና ላይ ነው። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። አንድ ዳገት ላይ ጭቃ መኪናውን ያዘውና ሁላችንም ወርደን ገፋን። ጭቃው ውስጥ ጎን ለጎን ስንገፋ ጨርቅ ሻጩን፣

«ሜዳው ሰፊ ነበር። ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አላውቅም ጋሼ። ወላሂ አላውቅም። ልመታው ስል እግሬ ይያዛል።»

አልዋሸም። እሱም አያውቅም ነበር።

ከሁሉም የከፋው በዚያ ሳምንት ነው የሆነው፤ ለግምገማ ተጠራን። በዚያ ዘመን ነገር ሁሉ ይገመገማል፤ መሥሪያ ቤት ይገመገማል፣ ቀበሌ ይገመገማል፣ ኳስ ተጫዋችም ይገመገማል። አዳራሹ ውስጥ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ኃላፊው ደብተሩን ገለጠ።

«ከአሠልጣኙ እንጀምር። ግለ ሂስ።»

ተነሳሁ። ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ሲባጎው፣ ስለ ቀርከሃው፣ ስለ ጆንያው፣ ስድስት ዓመት ኳስ ስላለመጥፋቱ በዝርዝር ተናገርኩ።

«አባቴ፣ የጠየቅነው ግለ ሂስ ነው። እርስዎ የሚነግሩን የሕይወት ታሪክዎን ነው።»

ተሳቀ።

«እንግዲያው ግለ ሂሴ ይኸው፤ ከሚገባኝ በላይ ደክሜያለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ተራው የጨርቅ ሻጩ ሆነ። ተነስቶ መሬት መሬት እያየ «እኔ የአመለካከት ችግር አለብኝ። ትኩረትም ይጎድለኛል። ለማስተካከል ቃል እገባለሁ» አለ። ከመንግሥት ሠራተኞቹ የሰማው ቃል ነው። ኃላፊው ጻፈ። ከሱ በኋላ የተነሱት ሁሉ የአመለካከት ችግር አለብን አሉ፤ በረኛው ሳይቀር። እንዲያ እየተባለ ረጅሙ አጥቂ ጋ ደረሰ።

«እኔ ችግር የለም» አለ ሳይነሳ። «ኳስ አይመጣም። ኳስ ከመጣ እኔ አለሁ። አንተ ጋሼ፣ ኳስ አምጣ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ደብተሩን ዘግቶ ደመደመ፦ የመጨረሻው ጨዋታ ደካ ከተማ ላይ ነው። ካሸነፍን እናልፋለን። አቻ አይበቃም። ካላሸነፍን ቡድኑ ታጠፈ። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ጨርቅ ሻጩ ሲያሻማ ቆሜ አየሁት። አንዱ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛው ሲወድቅ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዞር በል!» አልኩት። «ማሻማት እንዲህ ነው!»

ሃምሳ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ እግሬ ላይ ያለው የሥራ ጫማ ነው። ግን አልዋሽም፣ አሳምሬ መታሁት። ኳሱ ከሲባጎው በላይ ወጣ፣ በቀለበቱ አናት ላይ አለፈ፣ ጆንያውን ገረፈው፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቋሚ አልፎ፣ አንዴ ነጥሮ፣ ሁለቴ ነጥሮ፣ ገደሉ ውስጥ ገባ።

ሁሉም ያዩኛል። ደፍሮ የተናገረው አንዱ ብቻ ነበር።

«አንተ ጋሼ፣» አለ ረጅሙ፣ «ደንብ ደንብ ነው።»

ወረድኩ። ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ? ደንቡ የእኔ ነው። ያን ደንብ ካወጣሁ ጀምሮ ገደሉን በእግሬ ረግጬው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሥር ሥር እየያዝኩ ወረድኩ። ሳማው ፊቴን ለበለበኝ። ጉንዳን በሱሪዬ ውስጥ ወጣ፤ በሃምሳ አምስት ዓመት ዕድሜ ገደል መሀል ሱሪ ማውለቅ ምን እንደሚመስል ያላየው አያውቀውም። ከላይ ጭንቅላቶቻቸው አፋፉ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ ዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ተደርድረዋል። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።

ኳሱን ስፈልግ የዱሮ መንገድ አገኘሁ። ተጫዋቾቼ በመጀመሪያው ዓመት ኳስ ለማምጣት ሲወርዱ የረገጡት ቀጭን መንገድ ነው። መጨበጫ የሆኑት ሥሮች ያስታውቃሉ፤ የእጅ ብዛት አለስልሷቸዋል። ነገር ግን መንገዱ ዳዋ ለብሷል። መሀሉ ላይ የበቀለው የዱር ቡና እስከ ደረቴ ይደርሳል። ቡና ደረት የሚደርሰው በአንድ ቀን አይደለም። ቆምኩና አየሁት። እዚህ ገደል ውስጥ ሰው ከወረደ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

አናጺ ነኝ፤ እንጨት አይቼ ዕድሜውን እናገራለሁ። ያን የቡና ግንድ በእጄ ስይዘው ሁሉ ነገር ገባኝ። ስድስት ዓመት ኳስ ያልጠፋብኝ ጠባቂ ስለሆንኩ አልነበረም። ስድስት ዓመት ማንም እስከዚህ ድረስ ስላላሻማ ነው። ገደሉን የፈራ እግር ኳሱን መጀመሪያው ቋሚ ጋ ጥሎ ይመለሳል፤ ያ እግር ቢታ ገነት ለጥ ያለ ሜዳ ላይም ቢቆም ገደሉን ተሸክሞ ነው የሄደው። ጨርቅ ሻጩ ቡድኑ ውስጥ የገባው ከደንቡ በኋላ ነው። ረጅም ኳስ መትቶ አያውቅም ማለት ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በየስብሰባው የተኩራራሁበትን ነገር ነው ያስተማርኩት።

እዚያ ገደል ውስጥ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከላይ «ጋሼ! አሉ?» ሲሉ ሰማኋቸው። ኳሱን በብብቴ ይዤ በአራት እግሬ ወጣሁ። ጨርቅ ሻጩ እጁን ሰጥቶ ጎተተኝ። ለብቻው ወሰድኩት።

«ገደሉን ነው የምትፈራው፣ አይደል?»

ልብሱን ቁልቁል አየ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ከልምምድ ወደ ሱቅ ነው የምሄደው። በሳማ አብጬ፣ በጭቃ ተለውሼ ገዢ ፊት እንዴት እቆማለሁ? ... ግን እኔም አሁን ሲሉኝ ነው የታወቀኝ። ወላሂ» አለኝ።

«ሌሎቹስ ያውቁ ነበር?»

«ሳያውቁ አይቀሩም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ማን ይነግራል?»

በክፋት አልነበረም ያለው። ጫማ ጠበበኝ እንደሚል ሰው ነው ያለው። ብዙ ስድብ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ውስጤ የገባ ግን የለም።

ተመልሼ ሁሉንም ሰበሰብኩ። ስህተት ሠርቻለሁ አላልኩም፤ ዛሬ ቢሆን እል ይሆናል። «ከዛሬ ጀምሮ ገደል የገባ ኳስ የማመጣው እኔ ነኝ» ብቻ ነው ያልኩት። ቀልድ መሰላቸው። በማግስቱ ገጀራ ይዤ መጥቼ መንገዱን መጥረግ ስጀምር ነው ያመኑኝ።

መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልመጣም። እግር ከራስ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ጨርቅ ሻጩ «እሺ» ይላል፣ ይሮጣል፣ ይመታል፤ ጉልበት ላይ። እኔ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሚመጣ ኳስ እጠብቃለሁ፤ አይመጣም። ቀኑ እየነጎደ ነው። በአራተኛው ቀን ገደሉ ውስጥ ወርጄ ከታች ጮህኩ፦ «እኔ እዚህ ነኝ! ወደኔ ምታው! ግቡን ተወው፣ ለእኔ ላከው!»

ከላይ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ ጫማ ኳስ ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ቅጠል ተንኮሻኮሸና ኳሱ ከራሴ በላይ አልፎ ወደቀ። እንባዬ መጣ። ሳማው ነው አልኩ፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ በመርፌ እሾህ እያወጣችልኝ «እኩዮችህ የልጅ ልጅ ታቅፈው ይውላሉ፤ አንተ ኳስ ታቅፈህ ትገባለህ» አለችኝ። ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም፤ ዳገት ስወጣ እስካሁን ያስታውሰኛል።

አንዱን ስናስተካክል ሌላው ተገለጠ። ኳሱ ወደ ሁለተኛው ቋሚ መሄድ ሲጀምር እዚያ የሚጠብቀው ሰው የለም። ረጅሙ አጥቂ ስድስት ዓመት አጭር ኳስ ሲጠብቅ ኖሮ እግሩ የመጀመሪያው ቋሚ ጋ ተተክሏል። ኳሱ በራሱ ላይ ሲያልፍ አውሮፕላን እንዳየ ሰው አንጋጦ ያያል።

«ወደዚያ ሂድ!» እለዋለሁ።

«እዚያ ኳስ መጥቶ አያውቅም» ይለኛል።

«አሁን ይመጣል!»

«አንተ ነህ የምትለው።»

ቀፎ ሲሰቅል ንቡ እስኪመጣ እንደሚጠብቅ፣ እንዲሁ ከፍጹም ቅጣት ምት ሳጥኑ ውጭ ቆሞ ኳሱ ሲነሳ ብቻ እንዲሮጥ አስረዳሁት። ይህኛው ገባው። ግን የቀረን ሦስት ቀን ነበር። ሦስት ቀን ስድስት ዓመት አይደለም።

ደካ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል፤ ኃላፊው ጃንጥላ ይዞ ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ቆሟል። ጨዋታው ሳይጀመር ጨርቅ ሻጩን «ከደካዎች ግብ በስተጀርባ እኔ ነኝ፤ ወደኔ ላከው» አልኩትና ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ተነስቼ ከግቡ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። ዳኛው እንድመለስ በእጁ አመለከተኝ። አልተመለስኩም። ተወኝ።

በመጀመሪያው አጋማሽ እነሱ አገቡብን። ጨርቅ ሻጩ ሦስት ጊዜ አሻማ፤ ሦስቱም ረጅም፣ ሦስቱም ያማሩ፣ ሦስቱም ማንም የሌለበት ቦታ ወረዱ። የደካ ሰዎች «ለማን ነው?» እያሉ ይስቃሉ። እኔ አውቃለሁ ለማን እንደሆነ፤ ለእኔ ነው።

ከእረፍት በኋላ ግብ ሲቀየር እኔም ወደ ሌላው ግብ ጀርባ ዞርኩ፤ ረጅሙ ከሳጥኑ ውጭ መቆም ጀመረ። ዝናብ መጣ። ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጨርቅ ሻጩ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አሻማ። ኳሱ ተከላካዮቹን ሁሉ አልፎ ወደ ሁለተኛው ቋሚ ሲወርድ ረጅሙ እንደ ተንከባለለ ግንድ መጣና በግንባሩ ገጨው። መረቡ ወደኔ ተነፋ። አንድ ለአንድ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። የመጨረሻው ደቂቃ ነው። ያው እግር፣ ያው መስመር፣ ከፊተኛው የሚያምር ኳስ። ከሬዲዮ ሰምቼ ጣውላ ላይ ከሳልኳቸው ሁሉ እንዲህ ያለ አልነበረም። ረጅሙ ዘለለ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር የማየው። ግንባሩ አገኘው፤ ኳሱ አግዳሚውን መታ፤ ወደ ላይ ወጣ፤ እኔን አልፎ ሣሩ ላይ ወረደ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ሄጄ አነሳሁት። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። ቡድኑ ታጥፏል፤ በእጅዎ የሚገኝ ንብረት እንዲመልሱ ይላል። ኃላፊው ራሱ ነው ያመጣልኝ፤ «አባቴ፣ ተሟግቻለሁ» አለኝ። አመንኩት። «ኳሱን ነገ አመጣለሁ» አልኩት።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳልጠራቸው ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ጨርቅ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ረጅሙ ከቀበሌው በእግሩ መጣ። ማንም ስለ ደብዳቤው አላነሳም። ጨርቅ ሻጩ ያሻማል፤ ረጅሙ ይገጫል፤ ያመለጠውን እኔ ወርጄ አመጣለሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ ጨርቅ ሻጩ ከሩቅ ተንደርድሮ መጣና መታው። ኳሱ ከረጅሙ በላይ፣ ከቋሚው በላይ፣ ከአፋፉ በላይ ሄደ፤ ሲወርድም አልሰማንም።

ወረድኩ። በዚህ ጊዜ ደንቡን ማንም አላሰበውም፤ ሁሉም ተከትለውኝ ወረዱ፤ ጨርቅ ሻጩ በደህና ሱሪው ሳማው ውስጥ ገባ። እስከ ወንዙ ድረስ ፈለግን። አላገኘነውም።

በማግስቱ ባዶ እጄን ንብረት ክፍል ገባሁ። ጸሐፊዋ ቅጹን ሰጠችኝ። «የጠፋበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለው። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ አሰብኩና ጻፍኩ፦ «በጣም ጥሩ ስለተሻማ።»

ጸሐፊዋ አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምክንያት አይሆንም።»

«ይሆናል» አልኳትና ፈረምኩበት።